ተሸናፊዎች ያወረሱት ሕግ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ የአገሪቱ የባቡር ሐዲድ 56 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክፍለ ዘመኑ ሲገባደድ ከ300 ሺህ አልፏል። ሐዲዱ ስንዴውን፣ ጥጡን፣ ከሰሉንና ብረቱን ሲያመላልስ ሀብቱ በጥቂቶች እጅ ተከማቸ። ካርኔጊ በብረት፣ ሮክፌለር በነዳጅ ዘይት፣ ቫንደርቢልት በባቡር የናጠጡት ያኔ ነው።

ዘመኑ ግን የባለጸጎች ብቻ አልነበረም። በዕዳ የተያዘው ገበሬ፣ በቀን 10 እና 12 ሰዓት የሚሠራው ወዝአደር፣ ድምፅ መስጠት የተከለከለችው ሴት፣ ከባርነት በወጣ ማግስት መብቱን የተነጠቀው ጥቁር አሜሪካዊ በየፊናቸው የተደራጁት በዚሁ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ በምርጫም በአድማም ተሸነፉ። የጠየቁት ብዙ ነገር ግን አንድ ትውልድ ሳያልፍ ሕግ ሆኗል። ሽንፈታቸው ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ የባላንጣዎቻቸው ገንዘብና ጠመንጃ ቀላል መልስ ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ በራቸውን በማን ላይ እንደዘጉ ማየቱ የበለጠ ያስረዳል ባይ ነኝ።

የዘመኑን ትልቁን ሕዝባዊ ንቅናቄ የወለደው ገበሬው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ፤ ባንክም ብርቅ ሆነ። ጭሰኛውም ሆነ ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የበቆሎ ዱቄቱንና ጨርቁን የሚያገኘው ከአንድ ነጋዴ በዱቤ ነበር። ነጋዴው ለአንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ ለጥሬ ገንዘብ፣ ሌላው ለዱቤ። የዱቤው ዋጋ ከፍ ያለ ሲሆን ወለድም ይታከልበታል። መያዣው ገና ያልበቀለው ጥጥ ነው። አዝመራው ደርሶ ጥጡ ተመዝኖ ሲረከብ መዝገቡ ይገለጣል፤ ዕዳው አላለቀም። የቀረው ወደ መጪው ዓመት ይዞራል፤ ገበሬውም ዕዳው እስካለ ድረስ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም። ለቤቱ እህል ልዝራ ቢል ነጋዴው ከጥጥ ሌላ መያዣ አይቀበለውም። ሁሉም ጥጥ ሲዘራ ዋጋው ወረደ፤ በዶላር የተጻፈው ዕዳ ግን ባለበት ነው። አራጣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አንባቢ ይህን መዝገብ ለመረዳት አይቸገርም።

በመካከለኛው ምዕራብ ያለው ገበሬ ምሬት ሌላ መልክ ነበረው። እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስለት አንድ የባቡር ኩባንያ፣ የሚያከማችለትም አንድ ጎተራ ነው፤ ታሪፉን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። በ1867 የተመሠረተው ግሬንጅ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር እንደ ኢሊኖይ ባሉ ግዛቶች የታሪፍ ጣሪያ የሚወስኑ ሕጎች እንዲወጡ ታገለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1877 ሕጎቹን አጸደቃቸው፤ በ1886 ደግሞ ግዛቶች ድንበር ተሻጋሪ ጭነትን መቆጣጠር አይችሉም አለ። ኮንግረሱ በማግስቱ ዓመት የግዛቶች ንግድ ኮሚሽንን ያቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የደፈረው ሐሳብ የመጣው ከቴክሳስ ከተነሣው የገበሬዎች አሊያንስ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ቻርልስ ማኩን በ1889 ባቀረበው ዕቅድ መንግሥት መጋዘን ይሠራል፤ ገበሬው ምርቱን እዚያ አስቀምጦ የዋጋውን 80 በመቶ በ1 በመቶ ወለድ ይበደራል፤ ገበያው ሲሻሻል ይሸጣል። ነጋዴውን ከመሐል የሚያወጣ ዕቅድ ስለነበር ኮንግረሱ ፊት ነሣው። ገበሬዎቹም የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። የሕዝብ ፓርቲ በሐምሌ 1892 በኦማሃ ባጸደቀው ፕሮግራም ገቢ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር የገቢ ግብር፣ የባቡርና የቴሌግራፍ በመንግሥት መያዝ፣ የብር ሳንቲም ያለገደብ መታተም ጠየቀ፤ አብረውት ከጸደቁት ውሳኔዎች መካከል ሴናተሮች በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ የሚለው ይገኝበታል። ዕጩው ጄምስ ዊቨር በዚያው ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ። በ1896 ፓርቲው ከዴሞክራቶች ጋር ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን ደገፈ፤ የምርጫው ጉዳይ ሁሉ ወደ ብር ሳንቲም ጠበበ፤ የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ማኪንሊ አሸነፈ፤ ፓርቲውም ከሰመ። ለእኔ የሚቆጨው የመጋዘኑ ዕቅድ በብር ጩኸት መዋጡ ነው፤ የገበሬውን ዕዳ ከሥሩ የነካው እሱ ነበርና።

ንቅናቄው ሌላም ጣጣ ነበረው። የደቡቡ አሊያንስ ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። ያው መዝገብ፣ ያው ነጋዴ የሚያስጨንቃቸው ጥቁር ገበሬዎች በ1886 በቴክሳስ የራሳቸውን አሊያንስ አቋቋሙ። የጆርጂያው የሕዝብ ፓርቲ መሪ ቶም ዋትሰን ነጭና ጥቁር ድሃ ተለያይተው የቆሙት ለየብቻ እንዲመዘበሩ መሆኑን በአደባባይ የተናገረ ሰው ነበር፤ ከሽንፈቱ በኋላ ግን ራሱ ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚቀሰቅስ ሆነ። በነጭና በጥቁር ትብብር መንገድ ጥቂት የተራመደችው ሰሜን ካሮላይና ናት። እዚያ የሕዝብ ፓርቲና ጥቁሮች የሚበዙበት የሪፐብሊካን ወገን ተባብረው በ1894 አሸነፉ። በኅዳር 1898 ግን የታጠቁ ነጮች በዊልሚንግተን ከተማ ጥቁሮችን ገድለው የተመረጠውን የከተማ አስተዳደር በጉልበት አወረዱ።

የሠራተኛው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1877 አንድ የባቡር ኩባንያ ደመወዝ በ10 በመቶ ሲቀንስ በዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ የተጀመረው አድማ እስከ ቺካጎና ሴንት ሉዊስ ተዛመተ፤ የፌዴራል ጦር ገብቶ በረደ። «የሠራተኛ ባላባቶች» የተባለው ማኅበር በ1886 ወደ 700 ሺህ አባላት ነበሩት፤ ሴቶችንና ጥቁሮችንም ይቀበል ነበር። ቻይናውያንን ግን አልተቀበለም፤ እንዲያውም በ1882 የወጣውን የቻይናውያን ስደተኞች ክልከላ ደግፏል። በ1885 በዋዮሚንግ ሮክ ስፕሪንግስ ነጭ ማዕድን ቆፋሪዎች 28 ቻይናውያን የሥራ ባልደረቦቻቸውን ገደሉ።

በግንቦት 1886 መጀመሪያ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን የሚጠይቅ አድማ አገሩን አዳረሰ። ቺካጎ ሄይማርኬት ላይ በፖሊሶች መሐል ቦምብ ፈነዳ፤ ማን እንደወረወረው ሳይታወቅ አራት አናርኪስቶች በ1887 ተሰቀሉ። በየዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 (በአውሮፓውያኑ ግንቦት 1) በኢትዮጵያ ሥራ የሚዘጋበት የሠራተኞች ቀን ሥሩ ይኸው የቺካጎ ግንቦት ነው። አሜሪካ ራሷ የሠራተኛውን ቀን ወደ መስከረም ወስዳዋለች። በ1890 በሞኖፖል ኩባንያዎች ላይ የወጣውን የሸርማን ሕግም ፍርድ ቤት በ1894 የፑልማን ሐዲድ አድማ መሪዎችን ለማገድ ጠቀሰው። ድሆች ታግለው ያወጡት ሕግ ተመልሶ እነሱን ሲመታ ከማየት የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር አላውቅም።

የመካከለኛው መደብ ለውጥ ፈላጊዎች ሥራ ፈጠን ያለ ውጤት አየ። ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በ1881 ሹመት ፈልጎ ባጣ ሰው ሲገደል የመንግሥት ሥራ ለፓርቲ ውለታ መከፈሉ አሳፈረ፤ በ1883 የፔንድልተን ሕግ የተወሰኑ ሥራዎችን በፈተና የሚያዙ አደረገ። ቺካጎ ላይ ጄን አዳምስና ኤለን ስታር በ1889 ኸል ሐውስ የተባለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት ከፍተው በስደተኞች ሰፈር ኖሩ። እዚያው ትኖር የነበረችው ፍሎረንስ ኬሊ በየቤቱ እየዞረች የልብስ ስፌት ሠራተኞችን ኑሮ መዘገበች። በ1893 የኢሊኖይ ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከፋብሪካ ሲያግድና የሴቶችን የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ሲወስን ዋና ተቆጣጣሪ ሆና የተሾመችው እሷ ናት። የ8 ሰዓቱን አንቀጽ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ቆይቶ ሻረው።

የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይዋ ሱዛን አንተኒ በ1872 ሮቸስተር ላይ ድምፅ ሰጥታ ተያዘች፤ የተፈረደባትን 100 ዶላር አልከፍልም ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ አልከፈለችም። ዋዮሚንግ ከ1869 ጀምሮ፣ ኮሎራዶ ከ1893 ጀምሮ ሴቶች እንዲመርጡ ፈቀዱ። ፍራንሲስ ዊላርድ የመራችው የሴቶች ፀረ መጠጥ ማኅበርም ብዙ ሴቶችን ወደ አደባባይ አወጣ፤ ሰካራም ባል ደመወዙን ሲጨርስና ሲደበድብ ሚስት መሄጃ አልነበራትምና። ነገር ግን በ1895 የሴቶች መራጭነት ማኅበር ጉባኤውን አትላንታ ላይ ሲያደርግ አንተኒ የደቡብ ነጭ ሴቶች እንዳይከፉ ብላ ጥቁሩን የመብት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስን እንዳይመጣ ጠየቀችው። ዳግላስ በ1848 በሴኔካ ፎልስ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ሴቶች ድምፅ ይስጡ ብሎ ከጎናቸው የቆመ ሰው ነው።

ይህ ስህተት መሆኑን ለአንተኒ ፊት ለፊት ከነገሯት አንዷ አይዳ ቢ. ዌልስ ናት። ዌልስ በ1862 በባርነት ተወልዳ በሜምፊስ የጋዜጣ ባለድርሻና አዘጋጅ ለመሆን በቃች። በመጋቢት 1892 ወዳጇ ቶማስ ሞስና ሁለት ባልደረቦቹ ከእስር ቤት ተወስደው በጥይት ተገደሉ። የሞስ «ጥፋት» ከነጭ ባለሱቅ ጋር የሚወዳደር ግሮሰሪ መክፈቱ ነበር። ዌልስ ጥቁሮች ሜምፊስን ለቀው እንዲወጡ ጻፈች፤ ብዙዎች ወጡ። እሷ ሌላ ከተማ ሳለች ማተሚያ ቤቷ ወደመ፤ ብትመለስ እንደምትገደል ተነገራት። ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሥራ ለእኔ የዘመኑ ትልቁ የጋዜጠኝነት ሥራ ነው። የነጮችን ጋዜጦች ዘገባ ሰብስባ የተገደሉትን ቆጠረች፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ በመድፈር እንደተከሰሱ፣ ሌሎቹ በጠብ፣ በስርቆት ጥርጣሬ ወይም ያለ ምንም ክስ እንደተገደሉ አሳየች። በ1893 እና በ1894 እንግሊዝ ሄዳ ተናገረች። የተቀሩት ንቅናቄዎች ግን የሷን ጉዳይ የራሳቸው አላደረጉትም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1896 ዘርን ለይቶ ማስቀመጥ ሕጋዊ ነው አለ።

የገቢ ግብርና ሴናተሮችን በሕዝብ ድምፅ መምረጥ በ1913 የሕገ መንግሥት አካል ሆኑ፤ የመጠጥ ክልከላው በ1919፣ የሴቶች ድምፅ በ1920 ተከተሉ። ያለ ፍርድ በመንጋ መግደልን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከሰሜን ካሮላይና የተመረጠው ጥቁር እንደራሴ ጆርጅ ኋይት በ1900 አቀረበ፤ ወደቀ። ሌላ ረቂቅ በ1922 በታችኛው ምክር ቤት አልፎ በሴኔት ቀረ። ሕጉ የጸደቀው በመጋቢት 2022 ነው።