ሰንጢ

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ በእጀታው ውስጥ የሚገባ፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላዋ ነው። ከካራና ከወጥ ቤት ቢላዋ የሚለየው አፎት ስለማያስፈልገው ነው፤ እጀታው ራሱ አፎት ሆኖ ያገለግላል። በብዙ አገሮች አሮጌ ሰንጢዎችን፣ እንዲሁም በአሮጌው ዓይነት የሚሠሩ አዳዲሶችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ የሰንጢን አመጣጥ፣ ሰብሳቢዎች ዕድሜውንና ትክክለኛነቱን የሚለዩበትን መንገድ፣ ከዝገትም የሚጠበቅበትን ዘዴ ያስረዳል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ታጣፊ ቢላዋ የቆየ ፈጠራ ነው። በኦስትሪያ ሃልሽታት በተባለው ሥፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 500 ዓመት ገደማ የተሠራ፣ እጀታው ከአጥንት የሆነ ታጣፊ ቢላዋ ተገኝቷል። ሮማውያንም ይሠሩት ነበር። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ፊትዝዊልያም ሙዚየም የሚታየው ከብርና ከብረት የተሠራ የሮማውያን ዕቃ ከስለቱ ሌላ ማንኪያና ሹካ አለው። ዛሬ «ብዙ ሥራ ያለው ሰንጢ» የሚባለው እንግዲህ አዲስ ሐሳብ አይደለም።

የጥንቶቹ ስለቱን ከፍቶ የሚያቆም ሞላ አልነበራቸውም፤ ስለቱ የሚቆመው በፍትጊያ ወይም በተጠቃሚው አውራ ጣት ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእጀታው ጀርባ ቀጭን የብረት ሞላ ያለው ሰንጢ እየተለመደ መጣ፤ የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማም በዚህ ሥራ ታወቀች። አሠራሩ ቀላል ነው። የስለቱ ሥር ጠፍጣፋ ጎኖች አሉት፤ ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ አንደኛው ጠፍጣፋ ጎን ከሞላው ጋር ይገጥማል፣ ሞላውም ተጭኖ ይይዘዋል። በመካከል ሲሆን ግን የሥሩ ማዕዘን ሞላውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ስለቱ ይከብዳል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ሞላው ስለቱን ይጫነዋል እንጂ አይቆልፈውም። በስለቱ ጀርባ ላይ ኃይል ካረፈ ሰንጢው በጣት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰንጢ ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋትም ሆነ ለመፈልቀቅ አይሆንም።

በአውሮፓ ትንሹን ሰንጢ ካስፋፉት ሥራዎች አንዱ ጽሕፈት ነበር። ከዝይ ላባ የሚሠራው ብዕር ጫፉ ቶሎ ስለሚደነዝዝ በየጊዜው መቀረጽ ነበረበት፤ እንግሊዞች ትንሿን ሰንጢ እስከ ዛሬ «የብዕር ቢላዋ» የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችንም የብራና ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን በቢላዋ እየቀረጸ ስለሚጽፍ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የታወቁ ሥራዎች

በሼፊልድ ከነበሩት ታላላቅ ሠሪዎች አንዱ ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ድርጅት ነው። ምልክቱ ኮከብና የማልታ መስቀል ሲሆን የተፈቀደለት በ1682 ነበር። ድርጅቱ ችሎታውን ለማሳየት በ1822 ስለቶቹ በቁጥር 1,822 የሆኑ ሰንጢ ሠራ፤ ከዚያም ስለት ይጨመርበት ነበር። ዳቦ የማይቆርጥ፣ ኪስም የማይገባ ሰንጢ ነው፤ ሆኖም የእጅ ባለሙያዎች ምን ያህል መድረስ እንደሚችሉ ያሳያል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ኦፒኔል ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ገደማ በፈረንሳይ ሳቮያ ተራራማ አገር ለገበሬዎች የሚሆን ርካሽ ሰንጢ መሥራት ጀመረ፤ እጀታው አንድ ቁራጭ እንጨት፣ ስለቱም አንድ ብቻ ነው። በ1897 ከ1 እስከ 12 በቁጥር የተለዩ መጠኖች ወጡ። ምልክቱ ዘውድ የደፋ እጅ ሲሆን ከ1909 ጀምሮ ያገለግላል። እጁ በአቅራቢያው ካለችው ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ የተወሰደ፣ የመጥምቁ ዮሐንስን እጅ የሚያመለክት ነው። ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው። ስለዚህ ቀለበት የሌለው ትልቅ ኦፒኔል ያገኘ ሰው ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ትንንሾቹ መጠኖች ግን ዛሬም ያለ ቀለበት ስለሚሠሩ መጠኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

የስዊዘርላንድ ወታደር ሰንጢ ታሪኩ አስገራሚ ነው። ሠራዊቱ በ1890 አዲስ ሰንጢ ሲመርጥ በቂ ብዛት የሚያቀርብ የአገር ውስጥ ሠሪ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ 15,000 ከጀርመን ከዞሊንገን መጡ። በኢባኽ መንደር በ1884 ሥራ የከፈተው ካርል ኤልዘነር በ1891 ማቅረብ ጀመረ፤ ቀለል ያለውን የመኮንኖች ሰንጢ ደግሞ ሰኔ 12 ቀን 1897 አስመዘገበ። ድርጅቱ በ1909 በሞተችው እናቱ ስም ቪክቶሪያ ተባለ። በ1921 «ኢኖክስ» የተባለው የማይዝግ ብረት ሥራ ላይ ሲውል ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ዕድሜውን መለየት

ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው እጀታውን ሳይሆን የስለቱን ሥር ነው። የሠሪው ስም የሚታተመው እዚያ ላይ ነው። የአሜሪካ የ1890 የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ያለው ሰንጢ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የአገር ስም የሌለው ግን የግድ አሮጌ ነው ማለት አይደለም፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ለጀማሪ እጅግ የሚመቸው በፔንሲልቬንያ ብራድፎርድ ከተማ የሚሠራው ኬስ ነው። ከ1970 ጀምሮ ከስሙ በታች 10 ነጥቦች ይታተሙ ጀመር፤ በየዓመቱም አንድ ነጥብ ተቀነሰ። ስለዚህ 7 ነጥብ ያለው የ1973፣ 1 ነጥብ ያለው የ1979 ሥራ ነው። በ1980 የፊደሉ ቅርጽ ተለውጦ ቆጠራው እንደገና ከ10 ተጀመረ። የሞዴሉ ቁጥርም ይናገራል፤ በ6318 ላይ 6 እጀታው የተቦረቦረ አጥንት መሆኑን፣ 3 ስለቶቹ ሦስት መሆናቸውን፣ 18 ደግሞ ቅርጹን ያመለክታል።

ማኅተሙ ብቻውን አይበቃም፣ አሮጌ ማኅተም ባለው ሥር ላይ የሌላ ሰንጢ እጀታ የሚገጥሙ ሰዎች አሉና። ስለቶቹን ሁሉ ከፍቶ ማነጻጸር ይገባል፦ አንደኛው ብቻ አዲስ የሚመስል ከሆነ ተቀይሯል። በእጀታውና በብረቱ መካከል ክፍተት ካለ፣ ችንካሮቹም ከሌላው ይልቅ የሚያበሩ ከሆነ ሰንጢው ተፈቶ ነበር። ስለቱ በመሳል ብዛት ምን ያህል እንደቀጠነም ይታያል። ጤናማ ሞላ ስለቱ ሲከፈትም ሲዘጋም ጥርት ያለ «ጠቅ» ያሰማል። በማሽን ተወልውሎ እንደ መስተዋት የሚያበራ አሮጌ ሰንጢ የማያውቁትን ገዢዎች ይማርካል፤ ሰብሳቢ ግን ዋጋውን ይቀንስበታል፣ የማኅተሙ ጠርዝና የመጀመሪያው ገጽ አብሮ ተወልውሎ ሄዷልና።

እጀታው የዝሆን ጥርስ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይቲስ በተባለው ስምምነት በ1989 በተላለፈው ውሳኔ ስለታገደ፣ አሮጌ መሆኑ ብቻ ዕቃውን ድንበር አያሻግረውም።

ዝገትና ወዝ

አብዛኞቹ አሮጌ ሰንጢዎች ስለታቸው ክሮሚየም የሌለው የካርቦን ብረት ነው። ይህ ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል። የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ክሮሚየሙ በገጹ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራል። እሱም ቢሆን ጨው ካደረበት ነጠብጣብ ያወጣል።

በካርቦን ብረት ላይ የሚታየው ጥቁረት ሁሉ ዝገት አይደለም። ፖም፣ ብርቱካን ወይም ሽንኩርት ሲቆረጥ አሲዱ ብረቱን ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ይህ ወዝ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስስ ሽፋን ስለሆነ መጠነኛ ጥበቃ ይሰጣል፤ መፋቅም የለበትም። ቀይ ዝገት ግን ልል ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሥር ሰዶም ብረቱን ይበላል። እሱን ለማንሳት ዘይት ቀብቶ ጥቂት ሰዓት ካቆዩ በኋላ ከብረቱ በሚለሰልስ ነገር፣ ለምሳሌ በናስ ቁራጭ ወይም በእንጨት መፋቅ ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት ጭረቱን ለዘለዓለም ይተዋል።

ለመቀባት ከሽታና ከቀለም የጠራ የማዕድን ዘይት ይመረጣል። የወጥ ቤት ዘይት ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ስለቱንም ያስቸግራል። መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ስለቱን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፣ የሚወጣውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ መጥረግ፣ ጠብታው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መድገም ነው። ስለቱን በኃይል ለቅቆ መዝጋት ጫፉ ከሞላው ጋር እንዲጋጭ ያደርጋል።

የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። ኦፒኔል ውኃ ሲጠጣ እንጨቱ አብጦ ስለቱን ይይዘዋል። የሳቮያ ሰዎች ያን ጊዜ ቀለበቱን ከፍተው የእጀታውን ጫፍ በጠረጴዛ ላይ መታ ያደርጉታል፣ ስለቱም ብቅ ይላል።

አደገኛው እጀታ

ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እጀታ ከሴሉሎይድ ይሠራ ነበር። ሴሉሎይድ ዕንቁ፣ ቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ መስሎ ይወጣል፣ ብዙዎቹ በጣም ያምራሉ። ነገር ግን ከጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም አሲድ ያለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ የራሱን ሰንጢ ብቻ ሳይሆን በዚያው ሳጥን ያሉትን ሁሉ ያዝጋል። በአንድ መሳቢያ ውስጥ በሚገባ ዘይት የተቀቡ ሰንጢዎች በድንገት ከዛጉ መጠርጠር ያለበት በመካከላቸው ያለው ሴሉሎይድ ነው።

ምልክቶቹ ይታወቃሉ፦ ኮምጣጤን ወይም ካምፎርን የመሰለ ኃይለኛ ሽታ፣ በእጀታው ላይ ስንጥቅ፣ በናሱ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት፣ ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ላይ ዝገት። የጀመረውን ብስባሴ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ማድረግ የሚቻለው ሴሉሎይዱን ለብቻው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቀዝቃዛ ሥፍራ ማስቀመጥና በየጥቂት ወሩ ማየት ብቻ ነው። በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም ከእሳትና ከጋለ ብረት ይራቅ።

አቀማመጥና መሳል

ቆዳ ውስጥ ማስቀመጥ ክብር ቢመስልም ጉዳት አለው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ኬሚካል ብረቱንና ናሱን ይነካል። ደረቅ ሳጥን ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎበት ይሻላል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶችም እዚህ ይጠቅማሉ፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚኖሩት ወገኖቻችን ጨዋማ አየር ላለበት ሰው።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተሳለ አሮጌ ሰንጢ እንዳለ ቢቀመጥ ዋጋው ይጠበቃል። የሚሠራበት ከሆነ በደቃቅ መሳያ ድንጋይ፣ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሞ መሳል ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞር ሞረድ መጠቀም ግን ብዙ ሰንጢ አጥፍቷል። ቀጭኑ ጫፍ በአንድ አፍታ ይግላል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፣ ጥንካሬውም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ቢሳልም ስለት አይዝም።

ሕግ

ሰንጢ በኪስ መያዝ በየአገሩ የተለያየ ሕግ አለው። በእንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ ብቻ ነው፤ ባለ ቀለበቱ ኦፒኔል ስለሚቆለፍ በዚህ አይገባም። የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ሰንጢን ወደ መንገደኞች ክፍል አያስገቡም። በስጦታ የመጣ ሰንጢ በፍተሻ ላይ እንዳይቀር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ መግባት አለበት።