«ቤቱን ልቀቁልኝ» ሲባል፦ የወረታ አረጋውያን ተከራዮች ሐቅ የት ድረስ ነው?



ኅዳርና ታኅሣሥ ወረታ ላይ የሩዝ ወራት ናቸው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ወደ መፈልፈያ ቤቶቹ ይጎርፋል፤ ከሩዙ ጋር ነጋዴው፣ ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ አብሮ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ናት፤ የግብርና ኮሌጅም፣ የሩዝ ምርምር ማዕከልም፣ ደረቅ ወደብም አላት። አንዲት ክፍል ስትለቀቅ የሚጠብቃት ብዙ ነው። ይህ ለአከራይ ደስ የሚል ነገር ነው። በዚያችው ክፍል አሥር ዓመት ለኖሩ የሰባ ዓመት እናት ግን «ቤቱን ለሌላ ጉዳይ ፈልጌዋለሁና ልቀቁልኝ» የሚለው ቃል የሚሰማበት ወቅት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው በቀበሌ ቤት ያሉትን አይደለም። በግለሰብ ግቢ፣ በተለምዶ «ሰርቪስ» በምንላት አንዲት ክፍል ያለ ወረቀት ስለሚኖሩት አረጋውያን ነው። ሕጉ ምን ይላቸዋል? ሸሪዓውስ ከአከራዩ ምን ይጠብቃል? ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አንዱን ይዘን ሌላውን እንረሳለን።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንጀምር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በግለሰብ አከራይና በተከራይ መካከል የነበረውን ግንኙነት አፍርሶ ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ስር ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ያኔ ቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው እስከ ዛሬ ተጠልሎበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ የመጣው፣ ለምሳሌ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ለሕክምና ወይም ለመስጂድ ልቅረብ ብሎ የገባው አባት፣ ባሏ ሞቶባት እንጀራ እየጋገረች የኖረችው እናት፣ ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ከሐይቁ ዳር ሸሽቶ የቀረው፣ ያገኘው የግለሰብ ክፍል ነው። በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማ የሚጠጋውን ሰው አብዝቶታል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንዲት እናት ለአሥር ዓመት በአንድ ግቢ ኖረዋል እንበል። ሲገቡ «በየወሩ ይህን ያህል ይክፈሉ» ተባሉ፤ ወረቀት የለም፤ ምስክርም አልተጠራም። ኪራዩ በየጊዜው ሲጨመር ጨምረው ከፍለዋል። አሁን አከራዩ «እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ» አላቸው። እኚህ እናት ምን አላቸው?

በ1952 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ መልሱ ልብ የሚሰብር ነው። የጊዜ ገደብ የሌለው የቤት ኪራይ ውል ከሁለቱ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈለገ ጊዜ የሚያቆመው ውል ነው። አከራዩ ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም። ጊዜ የተቆረጠለት ውል ቢኖር እንኳ ጊዜው አልቆ ተከራዩ ዝም ብሎ ከኖረ፣ አከራዩም እያወቀ ካልተቃወመ፣ ውሉ ጊዜ ወደሌለው ውል ይለወጣል። ሕጉ ዕድሜ አይጠይቅም፤ አሥር ዓመት የኖሩትን እናትና ባለፈው ወር የገባውን ጎረምሳ በአንድ ዓይን ያያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል፤ ነገር ግን ያ አንቀጽ በግለሰብ ግቢ ውስጥ ያለችን ክፍል በር አይጠብቅም።

ይሁንና ባዶ እጃቸውንም አይደሉም። ኪራይ ቢዘገይባቸው አከራዩ በማግስቱ ሊያስወጣቸው አይችልም፤ መጀመሪያ የመክፈያ ጊዜ ሰጥቶ ማስጠንቀቅ አለበት። ይህም ጊዜ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በተደረገ ውል ከ30 ቀን፣ በሌላው ከ15 ቀን ማነስ የለበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አከራይ ራሱ ፈራጅም አስፈጻሚም አይሆንም። ቁልፍ መቀየር፣ ቆርቆሮ መግፈፍ፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ግቢ ውስጥ መከመር፣ እነዚህ ሁሉ ሁከት ናቸው። እንዲህ የተደረገበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ብዙ አረጋውያን ይህን ስለማያውቁ ከጎረቤት ፊት ላለመዋረድ በሌሊት ዕቃቸውን ሸክፈው ይወጣሉ። በተለይ ይህ ሐቅ ቢነገራቸው ደስ ይለናል።

በመጋቢት 2016 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከዚህ በጣም ይሻላል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንዴ መንግሥት ባስታወቀው ልክ ብቻ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አከራዩ «የተሻለ ከፋይ መጣልኝ» ብሎ ማስወጣት አይችልም። በሥራ ላይ የሚውለው ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የወረታ ተከራይ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሄዶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከተማችን በአዋጁ ውስጥ ገብታለች ወይ? ውል የሚመዘግበውስ የትኛው ቢሮ ነው?» የሚል ይሁን። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ የነገረውን ይዞ ከአከራይ ጋር መጣላት አያዋጣም።

አከራዩንም ክፉ አድርገን አንሳለው። በወረታ ከሚያከራዩት ውስጥ ራሳቸው አረጋዊ የሆኑ፣ ከአንዲት ክፍል በምትገኝ ኪራይ ዘይትና ጤፍ የሚገዙ እናቶች አሉ። ለእነርሱ ወረቀት የሚያስፈራው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ግብር ነው፣ የኪራይ ገቢ በሰንጠረዥ «ለ» ይታሰባልና። ሁለተኛው «ከፈረምኩ በኋላ ልጄ ሲያገባ ክፍሏን አላገኛትም» የሚለው ስጋት ነው። ሁለተኛው በንግግር የሚፈታ ነው። ስለ መጀመሪያው ግን ግብርን ለመሸሽ ሲባል የአንድ አረጋዊ ሐቅ ማስረጃ አልባ ሆኖ መቅረቱን ልክ ነው ልንል አንችልም።

ወደ ዲናችን ስንመጣ ኪራይ (ኢጃራ) እንደ ሽያጭ ሁሉ ሸርጦች ያሉት ውል ነው። ከሸርጦቹ ዋናዎቹ ዋጋው የታወቀ፣ ጊዜውም የታወቀ መሆኑ ነው። ጠቅላላ ዘመኑ ሳይነገር «በየወሩ ይህን ያህል» የሚለውን ውል ኡለማዎች ተነጋግረውበታል። በሐነፊ መዝሀብ ለመጀመሪያው ወር ይጸናል፤ አዲስ ወር በገባ ቁጥር ለዚያ ወር ይታደሳል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን በሚደፋው ንግግር ደግሞ ጊዜው ስላልታወቀ ውሉ አይጸናም። በሁለቱም ብንሄድ ብዙዎቻችን የለመድነው አደራረግ ወይ ከወር ወር የሚንጠለጠል ነው፣ ወይ ከመሠረቱ ጉድለት አለበት። ጊዜ ቆርጦ መዋዋል «የመንግሥት ነገር» አይደለም፤ በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ነው።

ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ውሉ ሁለቱንም ያስራል። የሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያ አያ ሙእሚኖች ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ያዛል፤ አከራዩም በዚህ ውስጥ ነው። በውሉ መሐል ተከራዩ ሳይስማማ ዋጋ መጨመር አይችልም። ቤቱ ቢሸጥ በአብዛኞቹ ኡለማዎች ዘንድ ኪራዩ አይፈርስም፤ ገዢው ዘመኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል። አከራዩ ቢሞትስ? በሐነፊዮች ዘንድ ውሉ ያበቃል፤ በሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ግን ወራሾቹ ውሉን ይዘው ይቀጥላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ አረጋውያን ከቤት የሚወጡት ደጉ አከራይ ሞቶ ልጆቹ ሲካፈሉ ነው።

ውሉ ሲያልቅ ግን ባለቤቱ በንብረቱ መብት አለው፤ «አላድስም» ማለት በራሱ ሐራም ነው አንልም። እዚህ ላይ የሚመጣው ኢሕሳን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትልቁን የማያከብር ከእኛ መንገድ አለመሆኑን ነግረውናል፤ የጎረቤትን ሐቅም አጥብቀው አደራ ብለዋል። ከአንድ ግቢ የበለጠ ጉርብትና የለም። ክፍሏን በእርግጥ ለልጁ የፈለገ አከራይ ከሩዙ ወቅት አስቀድሞ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ሦስትና አራት ወር ሰጥቶ፣ ከጀመዓው ጋርም ሌላ ክፍል አፈላልጎ ሊሸኛቸው ይችላል። ኪራይ ያከማቹ ከሆነም ሱረቱል በቀራ አያ 280 ለተቸገረ ባለዕዳ ፋታ እንዲሰጠው፣ መተዉም የተሻለ መሆኑን ታስተምረናለች። አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፦ ያልተከፈለ ኪራይን «ከዘካዬ ቆጥሬልዎታለሁ» ብሎ መሰረዝ በአብዛኞቹ ኡለማዎች ዘንድ ዘካ አይሆንም። ዘካው በእጃቸው ይሰጣቸው፤ ከዚያ እርሳቸው ዕዳቸውን ይክፈሉ።

ጠብ ሲነሳ ሰው የሚሄድበትን በርም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ በቀጥታ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ግን ጋብቻና ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ወቅፍን የመሰለ ነው፤ የኪራይ ክርክር መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ሽማግሌና የመስጂድ ኢማም ይሞከር፤ ነገር ግን የታረቁበት ቃል በወረቀት ይውረድ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ «ወቅፍ» የሚለውን ልብ በሉ። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ቤቶቻቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ ከባሎቻቸው ተለይተው የሚመለሱ ሴት ልጆቻቸው እንዲኖሩባቸው መድበው እንደነበር ኢማሙል ቡኻሪ ጠቅሰዋል። ማለትም መጠለያ ያጣችን ሴት ማስጠለል ከሰሓቦች ዘመን ጀምሮ የወቅፍ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ወቅፍ ሲባል መስጂድና መድረሳ ብቻ ይታሰበናል። በመስጂድ ግቢ ጎን የሚሠሩ ሁለትና ሦስት ክፍሎች በንግድ ከመከራየታቸው በፊት አንዷ ለአንዲት መጠጊያ ለሌላት እናት ብትተው ምን ይጎድላል? የመስጂድ ኮሚቴዎች ቢመካከሩበት እንወዳለን።

እስከዚያው ዛሬ ማታ መሠራት የሚችለው ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የአከራይና የተከራይ ስም፣ የክፍሏ ቦታ፣ ወርኃዊ ኪራዩና የሚከፈልበት ቀን፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ከማብቂያው ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚነገር፣ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። «አከራዩ ቢሞት ወይም ቤቱ ቢሸጥ ውሉ እስከ ዘመኑ ይቀጥላል» የሚል መስመርም አይቅር። ማንበብ ለማይችሉ አረጋዊ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይነበብላቸው፤ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክር ይኑር። አንዱ ቅጂ በእርሳቸው እጅ፣ ሌላው ዝናብና እሳት ቢመጣ እንዳይጠፋ በሚያምኑት ጎረቤት ቤት ይቀመጥ። በየወሩ ሲከፍሉም ብሩ በእጅ ከተሰጠ አከራዩ በደብተር ላይ ይፈርምላቸው።