የአዱሊስ ዙፋን ባለቤት ማን ነበር?

ተረት፦ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይዋሽም፤ ታሪክ ጸሐፊ ያየውን መገልበጥ ብቻ ይበቃዋል።

እውነታ፦ በ6ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ አፄ ካሌብ በደቡብ ዐረቢያ ወዳለችው ሂምያር ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ነበር። የአገሩ ሹም ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎች ገልብጦ እንዲሰጠው ጠየቀው፤ ንጉሡ ፈልጓቸዋል። አንደኛው የተሰበረ ጥቁር ሐውልት ላይ፣ ሌላው አጠገቡ ባለ የነጭ እብነ በረድ ዙፋን ላይ ነበር። የሐውልቱ ጽሑፍ መጨረሻው ጎድሏል፤ የዙፋኑ ደግሞ የንጉሡን ስም ሳይጠራ ከመሐል ይጀምራል። ኮስማስ ሁለቱን ቀጥሎ አንድ ጽሑፍ አደረጋቸው።

ሐውልቱ የግብፁ ንጉሥ የፕቶሌሚ 3ኛ (246–222 ቅ.ል.ክ.) ነው። በዚህ የተነሳ የዙፋኑም ድል ለእርሱ ተቆጠረ፦ አጋሜን ማስገበሩ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ የሚሰጥምበትን ስሜንን መውጋቱ፣ ባሕር ተሻግሮ እስከ ሳባ አገር ድረስ መዝመቱ። ይህን ሁሉ የሠራው ግን የአክሱም ንጉሥ እንደሆነ ይታመናል፤ ዘመኑንም ብዙዎች 2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም 3ኛው ላይ ያደርጉታል። በነገሠ በ27ኛው ዓመት ዙፋኑን ያቆመ ሰው ሥራው ለሌላ መሰጠቱ በጣም ያስቆጫል። ሁለቱን ጽሑፎች ለይቶ ያሳየው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ነው።

ልብ ብሎ ላነበበ ምልክቱ እዚያው ነበር። ፕቶሌሚ በአባቱ ከሄራክሊስ፣ በእናቱ ከዲዮኒሶስ እወለዳለሁ ይላል። የዙፋኑ ንጉሥ ግን ወላጁ አሬስ ነው፤ አክሱም ባለው የግሪክኛ ጽሑፍ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛናም ራሱን የአሬስ ልጅ ይላል። ይህ አምላክ በግዕዙ ማሕረም ነው። ሁለቱም የአዱሊስ ድንጋዮች እስካሁን ስላልተገኙ፣ በእጃችን ያለው የኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው።

ተረት፦ አክሱም ያለው የኢዛና ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ ነው።

እውነታ፦ ቋንቋው ሁለት ነው፤ ግሪክኛና ግዕዝ። ግዕዙ በራሱ ፊደልም በሳባ ፊደልም ተጽፏል።

ተረት፦ ንጉሥ በማዕረጉ የዘረዘረውን አገር ሁሉ ይገዛ ነበር።

እውነታ፦ ኢዛና የሂምያርና የሳባ ንጉሥ ነኝ ይላል። በ4ኛው መቶ ዓመት ግን ሂምያር የራሷ ነገሥታት ነበሯት። አክሱም ከዚያ በፊት፣ በ3ኛው መቶ ዓመት፣ ደቡብ ዐረቢያ ውስጥ ጦር ነበራት፤ ጦሩ ከወጣ በኋላም ማዕረጉ ሳይነሳ ቆየ። የማዕረጉን ዝርዝር እያዩ ብቻ የኢዛናን ካርታ የሚስሉ መጻሕፍት ይህንን ለአንባቢ ሊነግሩት ይገባል።