የመሮጫ ቦታ ስንት ያወጣል?

ለበጎ አድራጎት የሚካሄድ ሩጫ፣ በከተማ ጎዳናም ይሁን በተራራ መንገድ፣ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። አንደኛው ሯጩ ለምዝገባ የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ድርጅቶች ስማቸው በቲሸርትና በመድረክ ላይ እንዲታይላቸው የሚከፍሉት የስፖንሰር ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ሯጩ ዘመድን፣ ጓደኛንና የሥራ ባልደረባን ለምኖ የሚያሰባስበው መዋጮ ነው። የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር የሚሰማው ማጉረምረም የመጀመሪያውን ብቻ ይመለከታል። የቲሸርቱ ዋጋ ጨመረ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የከፈለው የት ገባ፣ ለተቸገረ ሰው ስንት ደረሰ ይባላል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ስሌቱ ግን የሚቆጥረው ሌላ ገንዘብ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛ የበጎ አድራጎት ገቢ የሚያስገኙ ሩጫዎች ገቢያቸውን የሚያገኙት ከሦስተኛው ምንጭ ነው።

የምዝገባ ክፍያ የሚሸፍነው የዝግጅቱን ወጪ ነው። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ተሳታፊዎች ሲጀመር አሸናፊው የሐሳቡ አመንጪ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቲሸርት፣ ሜዳሊያ፣ ውኃ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና የሚዘጋ ጎዳና ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ዕቃ በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ንሯል። የምዝገባ ዋጋ መናር ስለዚህ በራሱ የትርፍ ማስረጃ አይሆንም። ቢተርፍ እንኳ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ይህን ለማየት የረጅም ጊዜ መዝገብ ያለውን የለንደን ማራቶን መመልከት ይበቃል።

የለንደን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1981 በክሪስ ብራሸርና በጆን ዲዝሊ ሲመሠረት፣ ከወጪ የተረፈው ገንዘብ ለማኅበረሰብ ስፖርት እንዲውል ተወስኖ ነበር። ይህን የሚያከፋፍለው ፋውንዴሽን እስከ ቅርብ ጊዜ የሰጠው ድጋፍ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። በዚያው ዘመን ሯጮቹ በየግላቸው ለምነው ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያመጡት ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ ይበልጣል። ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀ፣ በዓለም ከታወቁት ማራቶኖች አንዱ የሆነ ውድድር ከዝግጅቱ ያተረፈው፣ ሯጮቹ ለምነው ካመጡት አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። የምዝገባ ክፍያው እጥፍ ቢሆን እንኳ ይህን ልዩነት አይሞላውም።

ሦስተኛው ምንጭ ለምን ይህን ያህል እንደሚሰጥ ሲገለጽ የተለመደው መልስ ሰው በሩጫ ቀን ቸር ይሆናል የሚል ነው። ይህ መልስ ዋናውን ነገር ይስታል። ቸርነቱ እውነት ነው፤ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ግን የቦታ እጥረት ነው።

የመሮጫ ቦታ ውስን ነው። ጎዳናው የሚችለው ሰው አለ፤ ፖሊስና ሐኪም የሚችሉትም እንዲሁ። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 ውድድሩን የጨረሱት ከ56 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ለ2026 በዕጣ ለመግባት ያመለከቱት ግን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ፈላጊው ከቦታው በዚህ መጠን ሲበልጥ የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ የሚሰጠው መልስ ዋጋን ማናር ነው። አዘጋጁ ግን አያደርገውም። ዋጋው ፈላጊና ቦታ እስኪመጣጠኑ ቢወጣ ሩጫው የሀብታም ብቻ ይሆናል። በየመንገዱ ዳር የሚቆመው አጨብጫቢ፣ በነፃ ውኃ የሚያድለው ወጣት፣ ጎዳና መዘጋቱን በትዕግሥት የሚቀበለው ነዋሪ የሚገኘው ሩጫው የሁሉም ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው የሚከፍለው ከ100 ፓውንድ በታች ሆኖ ቆይቷል፤ ቦታው ግን ለብዙ ፈላጊ ከዚያ እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው።

በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የሆነ ሰው እጅ መግባቱ አይቀርም። ዕጣ የወጣለት ሯጭ ሊወስደው ይችላል፤ ርካሽ የሆነ ውድ ነገር አገኘ ማለት ነው። አትርፎ ሻጭ ሊወስደው ይችላል። ቲኬት በፍጥነት በሚያልቅበት ቦታ ሁሉ የእጅ አዙር ገበያ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ተቀባይ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተወሰኑ ቦታዎችን ለድርጅቶች በዋስትና መስጠት ጀመረ። ድርጅቱ ቦታውን ከአዘጋጁ ይገዛል፤ ከዚያም ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ለገባ ሯጭ ይሰጠዋል። የሚጠየቀው መጠን ብዙ ጊዜ ወደ 2000 ፓውንድ ይደርሳል። የቦስተን ማራቶንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር ይከተላል። ልዩነቱ በዚህ መንገድ ከአትርፎ ሻጭ ኪስ ወጥቶ ለካንሰር ምርምር፣ ለሕፃናት ሆስፒታል ወይም ለዕውራን ማኅበር ይውላል።

የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት ሯጩ 2000 ፓውንዱን ከኪሱ አለመክፈሉ ነው። ከመቶ ሰው 20፣ 20 ፓውንድ ይለምናል። ስለዚህ ቦታውን የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ሳይሆን ሊያስቸግራቸው የሚደፍራቸው ወዳጆች ያሉት ሰው ነው። ክፍያው በይሉኝታ ይፈጸማል፤ ሯጩ ያለውን ወዳጅነት ይመነዝራል፣ ወዳጆቹም በተራቸው ሲሮጡ እሱ ይመልሳል። ይህ የመመላለስ ግዴታ ባይኖር የቦታው እጥረት ብቻውን ገንዘብ አይወልድም ነበር።

ለጋሹ በበኩሉ ለምን ይሰጣል የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ሰው ለአንድ ሆስፒታል ሊሰጥ ከፈለገ ሌላው 42 ኪሎ ሜትር እስኪሮጥ መጠበቅ የለበትም። ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ገንዘብ ማሰባሰቡ ሕመምና ድካም ሲኖርበት ሰዎች የበለጠ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ውጤቱ የሚጠነክረው ዓላማው ከሰው ስቃይ ጋር ሲያያዝ ነው፤ ለሕዝብ መናፈሻ ከመሮጥ ለረሃብ ተጎጂ መሮጥ ይበልጥ ያሳምናል። የጾምና የስእለት ባህል ላለው አንባቢ ይህ ግኝት እንግዳ አይሆንበትም።

ረጃጅም የተራራ ጉዞዎች የተስፋፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦክስፋም ትሬይልዎከር የሚባለው ዝግጅት በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪታንያ ጦር ውስጥ ያሉ ኔፓላውያን የጉርካ ወታደሮች ልምምድ ሆኖ ጀመረ። ከ1986 ጀምሮ የዕርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ሲጨመርበት ለሲቪሉም ተከፈተ፤ በኋላም ወደ ብሪታንያ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒውዚላንድና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። አራት ሰዎች አንድ ቡድን ሆነው በማክሌሆስ የተራራ መንገድ ላይ 100 ኪሎ ሜትር በ48 ሰዓት ውስጥ ያቋርጣሉ። የአራት ሰው ቡድን መሆኑ በገንዘብ በኩል ትልቅ ትርጉም አለው። አንዱ ቢሰንፍ ሦስቱን ያሳፍራል፤ ለመለመን የሚያፍረውም ለቡድኑ ሲል ይለምናል። የተራራ መንገድ ጎዳና አያዘጋም፤ በምትኩ ግን በየርቀቱ የሕክምና ጣቢያ፣ የነፍስ አድን ቡድንና ሌሊቱን የሚያድሩ በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉታል። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ርካሽ አይደለም፤ የሚያዋጣው እያንዳንዱ ቡድን ከፍ ያለ መዋጮ ስለሚያመጣ ነው።

የመዋጮውን ልክ የሚወስነው ደግሞ ቀድሞ የሰጠ ሰው ነው። ኢኮኖሚስቷ ሣራ ስሚዝና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. የ2010 የለንደን ማራቶን ሯጮች በኢንተርኔት የከፈቷቸውን የመዋጮ ገጾች መርምረው ነበር። ቀደም ብለው የሰጡ ሰዎች አማካይ በ10 ፓውንድ ከፍ ሲል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ለጋሽ በአማካይ 2.50 ፓውንድ ጨምሮ ሰጥቷል። ትንሽ የሰጠ ሰው ሲታይም የተከታዮቹ መጠን ወርዷል። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ለጋሹ ከቀደሙት ስጦታዎች የሚማረው የድርጅቱን ጥራት ሳይሆን ለራሱ የሚገባውን መጠን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት በሚደረግ የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ከፍተኛውን ቃል የሚገባው ሰው በመጀመሪያ እንዲጠራ የሚደረገው በዚሁ ዕውቀት ነው። በዋሽንግተንና በለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን በጎፈንድሚ የኢንተርኔት መዋጮ ገጽ ሲያዋጡም የሰጪው ስምና መጠን በዝርዝር ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች የቀሪዎቹን ልክ ያበጃሉ።

ከሩጫ በኋላ የሚታወጁ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የ2025 የለንደን ማራቶን 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኝቷል ተብሏል። ለጨረሱት ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ1500 ፓውንድ በላይ ይደርሳል፤ ብዙዎቹ ለራሳቸው ብቻ የሮጡ ስለሆነ ለድርጅት የሮጡት ያመጡት ከዚህ አማካይ በላይ መሆን አለበት። ሆኖም እንዲህ ያለ ድምር ጥቅል ገቢ ነው። ድርጅቱ ቦታውን ለመግዛት፣ ሯጮቹን ለመከታተል፣ ለሠራተኛና ለማስታወቂያ ያወጣው አልተቀነሰለትም። በብሪታንያ ሕግ ግብር ከፋይ 100 ፓውንድ ሲሰጥ መንግሥት 25 ፓውንድ ይጨምራል፤ ይህም የለጋሽ ልግስና ሳይሆን የግምጃ ቤት ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በየትኛውም መግለጫ አይነሳም። ሩጫው ባይኖር ኖሮ ከዚህ ገንዘብ ስንቱ በሌላ መንገድ ይሰጥ ነበር? ለጓደኛው ሩጫ 20 ፓውንድ የሰጠ ሰው በዚያ ወር ሊሰጥ ያሰበውን ለሌላ ድርጅት ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ገንዘቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጨመረም። ድምሩን የሚያውጀው አካል ይህን ለመመርመር ምክንያት የለውም፤ ትልቅ ቁጥር ለአዘጋጁም፣ ለስፖንሰሩም፣ ለድርጅቱም ይመቻል። ስለዚህ ተቀባዩ ድርጅት ወጪውን ቀንሶ በራሱ ሒሳብ የሚያወጣው የተጣራ ገቢ በመድረክ ከሚነገረው ድምር ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ የታላቁ ሩጫ አዘጋጆች ከውድድሩ ጎን ለጎን ለአገር በቀል በጎ አድራጊዎች ገቢ ያሰባስባሉ። የሩጫው ዋነኛ ያልተነካ ሀብት ግን ቲኬቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፈላጊ ነው። ከቦታው ትንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ ከሃያ አንዱ፣ የተወሰነ ገንዘብ አሰባስባለሁ ለሚል ሯጭ ቢመደብ የሌላው ሕዝብ የምዝገባ ዋጋ ሳይነካ ገቢ ይገኛል። የመሰብሰቢያው መንገድ ተጠርጓል፤ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ በብዙ ሰው ስልክ ላይ አለ። የሚያስፈልገው ሰጪው ማን ስንት እንደሰጠ የሚያይበት ገጽ ነው። ገንዘቡ በድብቅ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ለጋሽ ለተከታዩ ልክ ሊያበጅ አይችልም።

ግብሩም አያግዝም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ሊይዝ ይችላል። ደመወዝተኛው ይህ መብት የለውም። የሩጫ መዋጮ በዋናነት ከደመወዝተኛ የሚመጣ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ብር ግብሩ ከተቆረጠ በኋላ ከቀረው ይሰጣል። ነጋዴው በድርጅቱ ስም ስፖንሰር ሆኖ ስሙን በቲሸርት ላይ ማሳተሙ ለሱ ይሻለዋል፤ የኢትዮጵያ ሩጫዎች በሦስተኛው ምንጭ ሳይሆን በሁለተኛው ላይ ማጋደላቸው ከዚህም የተነሳ ይመስላል።

ቦታ የመመደቡ አሠራር የራሱ ጉዳት አለው። ቦታ ገዝቶ ሯጭ መልምሎ መከታተል የሚችለው ቢሮና ሠራተኛ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አረጋውያን የሚጦር ትንሽ ማኅበር ቦታ ቢሰጠው እንኳ ሯጩ ቃሉን ባይፈጽም ኪሳራውን የሚችልበት አቅም የለውም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ቦታው በነፃ ወይም በዱቤ፣ ክፍያው መዋጮው ከገባ በኋላ ተቀንሶ እንዲሆን ካልተደረገ፣ ገንዘቡ ቀድሞውኑ ገንዘብ ወዳላቸው ድርጅቶች ይሄዳል።