ባንኩ ጎሬ ቀድሞ ደረሰ፤ ገበሬው ዘንድ ግን ዘገየ

በኢሉባቦር ከመቱ ከተማ በስተ ደቡብ፣ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ የምትገኘው ጎሬ፣ ወደ ጋምቤላ የሚያልፍ መንገደኛ ለጥቂት ጊዜ አረፍ ብሎ ጉዞውን የሚቀጥልባት አነስተኛ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ዘመናዊ ባንክ በአገራችን ሥራ በጀመረበት ዘመን ቅርንጫፍ ከተከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ይህችው ጎሬ ነበረች። ባንኩን ወደዚያ የሳበው የአካባቢው ገበሬ የሚያመርተው ቡና ነው። ቡናውን ያመረተው ገበሬ ግን የባንኩ ደንበኛ ለመሆን ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

የባሮ መንገድ

በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ይህም ጣቢያ ጋምቤላ ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱም ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬም ከደጋው የሚወርደው ቡና የሚሰበሰብባት ገበያ ሆነች። ነጋዴው በአጋሰስና በሸክም ቡናውን በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ያወርድ ነበር።

የአቢሲንያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ አማካይነት ተቋቁሞ፣ የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በተገኙበት አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። በኢትዮጵያ ምድር ለ50 ዓመት ብቻውን የባንክ ሥራ እንዲሠራም መብት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደምቢ ዶሎ ቅርንጫፎች፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል መሥሪያ ቤት ከፈተ። ከነዚህ መካከል ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎና ጋምቤላ በምዕራቡ የቡና መውጫ በር ላይ የተሰለፉ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ብር በበቅሎ

በዚያን ጊዜ የቅርንጫፍ ሠራተኛ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት የገንዘቡን ክብደት ማሰብ ይበቃል። ገበያው የሚያምነው ማርያ ቴሬዛ የተባለውን ጠገራ ብር ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 1,000 ብር 28 ኪሎ፣ 3,000 ብር ደግሞ 84 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህም የአንድ በቅሎ ጭነት ነው። የቡና መግዣው ገንዘብ በዚህ አኳኋን ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭቃና ወንዝ እየተሻገረ መጓዝ ነበረበት።

ብሩ ከደረሰም በኋላ ሥራው አያበቃም። ገንዘብ ያዡ አንድ በአንድ መቁጠር፣ ያረጀውንና የተበላሸውን መለየት አለበት። ተቀባዩም በፊናው በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን የጌጥ ነጠብጣቦች እየቆጠረ ይመረምራል፤ የጠፋ ካለ አልቀበልም ይላል። ባንኩ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ የሚጮኸውን ብር የለመደ ባላገር ወረቀቱን በቀላሉ አላመነውም።

ሕዝቡ ለባንክ አሠራር እንግዳ መሆኑና የማቋቋሚያውና የሠራተኞች ጉዞ ወጪ መብዛቱ ባንኩን ጎድቶታል። ብቸኛ የመሥራት መብት እያለው እንኳ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ትርፍ አላገኘም። ሥራውም በአመዛኙ የመንግሥትን ሒሳብ ከመያዝና ለውጭ ንግድ ገንዘብ ከማበደር አላለፈም። በመሆኑም የባንኩ ብር የሚደርሰው ቡናውን ለሚገዛው እንጂ ለሚለቅመው አልነበረም።

ስሙ ሲለዋወጥ

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ካሣ ከፍሎ የአቢሲንያ ባንክን በኢትዮጵያ ባንክ ተካው፤ ጎሬም በአዲሱ ባንክ ቅርንጫፍነቷን እንደያዘች ቆየች። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሥራውን አቋረጠው። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. በ2 ቅርንጫፎችና በ43 ሠራተኞች ሥራ ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ሲከፈል፣ የቅርንጫፎቹ ቁጥር 21 ደርሶ ነበር።

በዚህ መካከል ዘመኑ ፊቱን ከጎሬ አዞረ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመኪና መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድ ደግሞ የምዕራቡ ቡና ወንዙን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። ባንኮችም መንገዱን ተከተሉ።

ዋስ የማይሆን ቡና

የባንኮቹ ስምና ባለቤት ሲለዋወጥ፣ ገበሬው በመስኮቱ ፊት ሲቆም የሚጠየቀው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ «ዋስትናህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ከተሜው ቤቱን ያሲዛል። ገበሬው የሚያርሰው መሬት ግን ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ለረጅም ጊዜም በዋስትና አይያዝም ነበር። ቡናው ደግሞ ጫካ ውስጥ ነው፤ በሬውም ደረት ላይ ማኅተም የለም።

የዚህን ጉዳት ጎልቶ የሚያሳየው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጎተራው እህል ይመናመናል፤ ቡናው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ልጅ የታመመበት ወይም ቀለብ ያለቀበት ገበሬ ነጋዴው ዘንድ ይሄዳል፤ ያልቀላውን ቡና በርካሽ ተስማምቶ ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበላል። ፍሬው ሲደርስ ዋጋ ቢወጣም ለእርሱ አይደለም። እንዲህ ባለው ውል ነጋዴው ያንኑ ቡና ተማምኖ ያበድራል፤ ባንኩ ግን በገበሬው እጅ ሳለ አላምነውም ሲል ኖሯል።

ክፍተቱን ለመሙላት ጥረት አልተደረገም ማለት አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ተስፋፍተዋል፤ ጎረቤታሞች በቡድን እየተዋዋሱ መበደር ችለዋል። ሆኖም ብድሩ አነስተኛ ነው፤ አንዱ መክፈል ሲያቅተው የሌሎቹን ጓዳ ያናጋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የእርሻ ምርትና ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። ዋስትናውም በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ይመዘገባል። ያው ንብረት በድብቅ ለሁለተኛ አበዳሪ እንዳይያዝ መከላከያው ይኸው ነው።

ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ በበሩ የሚያስገባው ግን የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነው። ቡና ዋስትና የሚሆነው ምን ያህል ምርት እንደሚሰጥ የሚገምት፣ በሽታውንና የገበያውን መዋዠቅ የሚያውቅ፣ ከግብርና ባለሙያው ጋር ወደ ማሳ የሚወርድ ሠራተኛ ሲኖር ነው። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ጠገራውን አገላብጦ እንደመረመረ ሁሉ፣ የዛሬውም ሠራተኛ የቡናውን ቅርንጫፍ አገላብጦ ማየት ይጠበቅበታል።

ገበሬውም በበኩሉ ገንዘቡን በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ቢያስገባ፣ የሸጠበትን ደረሰኝ ቢያስቀምጥ፣ ቡናውን ለነጋዴ ከመዋዋሉ በፊት ወደ ባንክ ሄዶ ስለ ተንቀሳቃሽ ዋስትና ቢጠይቅ ይጠቀማል። የሚሄድበትም ጊዜ ጎተራው ከተራቆተ በኋላ ሳይሆን ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ነው።