«ሲስተም የለም» ከሚለው ቃል ጀርባ ያለው ኃላፊ

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ቃሉን የምንሰማው መስኮቱ ላይ ከተቀመጠችው ወጣት ነው፤ ንዴታችንንም የምናወርደው በእሷ ላይ ነው። ሲስተሙ ለምን እንደጠፋ የሚጠየቀው ሰው ግን ያለው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የቴክኖሎጂ ዘርፍ ኃላፊ ይባላል። ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ እምብዛም የለም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚሠራ፣ ለእኛ ለሙስሊሞችም ጉዳዩ ከማሽን ጥገና በላይ የሆነበትን ምክንያት እናያለን።

ነገሩን ከአሊዩ አምባ ብንጀምር ይቀለናል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ከአንኮበር ተዳፋት ሥር ያለች ከተማ ዋና የሸዋ ገበያ ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት እዚህ ያራግፍ እንደነበር፣ ገበያውም ዓርብ ይቆም እንደነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ሐረሪው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና የደጋው ሰው በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር ይገበያዩ ነበር። ነጋዴው ብሩን በእጁ ይዞ ይቆጥረዋል። አደራ ሲሰጥም ለማን እንደሰጠ ያውቃል፤ የሰውየውን ፊት ያውቃል፣ አባቱን ያውቃል።

ዛሬ ከይፋት ቆላ ወጥታ ሪያድ ወይም ጅዳ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች። እናት የምታየው ስልኳ ላይ የመጣ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ብር አይደለም፤ አንድ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ «የዚህች ሴት ይህን ያህል አለ» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ነው። አማናውን የያዘው ሰው አሁንም አለ፣ ፊቱ ግን አይታወቅም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መዝገብና ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነት የሚናገር መሆኑን አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። የዘመናችን ጸሐፊ፣ በእኛ እይታ፣ ይኸው የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነው።

መዝገቡ ሲስት ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2016 አይተናል። ረመዳን ከገባ ሳምንት ሳይሞላው፣ ከመጋቢት 6 ዓርብ ሌሊት ጀምሮ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በሲስተሙ ላይ ከተደረገ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ በኋላ ተነገረ። አብዛኛው ተመለሰ። ምንም ያልመለሱ የ567 ሰዎችን ስም ግን ባንኩ ይፋ አደረገ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ የተባለው ገንዘቡን ስለወሰዱት ነው። መባሉም ተገቢ ነው፤ ማሽን ተሳስቶ የሰጠው የሰው ሐቅ ሐላል አይሆንም። ነገር ግን ማሻሻያ የሚባለው ነገር ለቴክኖሎጂ ኃላፊው ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ ያሰበ ጥቂት ነው። ሲስተሙን ካላሻሻለ ያረጃል፣ ለሌባ ይጋለጣል። ካሻሻለ ደግሞ እየበረረ ያለ አውሮፕላን ሞተር እንደመቀየር ነው፤ ባንኩ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም፣ ኤቲኤሙ አያንቀላፋም። ጠንቃቃ ኃላፊ አዲሱን ነገር መጀመሪያ ከእውነተኛው ሒሳብ በተለየ ቦታ ይሞክራል፣ ነገሩ ከተበላሸ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ያዘጋጃል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የበላዮቹ በቀላሉ የማይሰጡት ነገር ነው። «ተፎካካሪዎቻችን አዲስ አፕ አወጡ፣ የእኛስ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል።

ችግሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰዎች ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው። ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። በ2023 ደግሞ የቁጥጥር ባለሥልጣኑ የወቅቱን የቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ 81,620 ፓውንድ ቀጣ። ጥፋቱ ምን ነበር? ሲስተሙን የሠራው ድርጅት «ዝግጁ ነን» ብሎ የሰጠውን ማረጋገጫ በበቂ ሳይመረምር መቀበሉ ነው። ከዚህ የምንረዳው የሌላ ሰው ሥራ ጥፋት በኃላፊው ላይ እንደሚመጣ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ «የሌላ ሰው ሥራ» የሚባለው ብዙ ነው። ገንዘብ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው ሲሄድ በኢትስዊች በኩል ያልፋል። ስልኩ የቴሌኮም ነው፣ መብራቱ የመብራት ኃይል ነው፣ ሶፍትዌሩ ከውጭ አገር ኩባንያ የተገዛ ነው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ኃላፊው አያዝበትም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የባንክ አፕ ያለው ሰው ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት እንደ *889# እና *127# ያሉ አጭር ቁጥሮች እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልጉ ናቸው። አፑን ብቻ እያሳመረ እነዚህን ቁጥሮች የሚረሳ ኃላፊ አዲስ አበባን እንጂ ይፋትን አላሰበም።

አሁን ለእኛ ወደሚቀርበው ጉዳይ እንምጣ። ከረጅም ዓመታት ጥያቄ በኋላ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ፣ ከዚያ ሌሎችም መጡ። በመደበኛ ባንኮች ውስጥም ከወለድ ነፃ መስኮቶች አሉ። ብዙዎቻችን ሐላልነቱ የሚወሰነው ውሉን በሚያጸድቁት የሸሪዓ አማካሪዎች ይመስለናል። ግማሹ እውነት ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ሲስተሙ ውስጥ ነው።

ሙራበሓን እንውሰድ። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አምራች የውሃ ፓምፕ ይፈልጋል እንበል። ባንኩ ፓምፑን ከሻጩ በ100,000 ብር ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ፣ በ120,000 ብር በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ቅደም ተከተሉ ሁሉን ነገር ይወስናል፤ ባንኩ መጀመሪያ ገዝቶ የራሱ ካላደረገ የሌለውን ሸጠ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን የከለከሉት ነው። ኪታቡል ቡዩዕን የቀራ ደረሳ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሶፍትዌሩ ግን አልቀራም።

በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው የባንክ ሶፍትዌር መጀመሪያ የተሠራው ለብድር ነው። ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወለድ ይቆጥራል። ደንበኛው ሲዘገይ ቅጣት ጨምሮ ወደ ባንኩ ገቢ ያስገባል። ከወለድ ነፃ ባንክ ውስጥ ይህ ሁሉ መለወጥ አለበት። የግዢው ሰነድ ሳይመዘገብ የሽያጩ ውል እንዳይከፈት ሲስተሙ ራሱ መከልከል አለበት። የተሸጠበት ዋጋ አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም። ለዘገየ ደንበኛ የሚጣለው ክፍያ፣ በፈቀዱት ዑለማዎች አስተያየትም ቢሆን፣ ለበጎ አድራጎት ወደተለየ ሒሳብ እንጂ ወደ ባንኩ ትርፍ መግባት የለበትም። በሙዳረባ ላስቀመጡ ሰዎች የሚከፋፈለው ትርፍ እያንዳንዱ ስንት ቀን ስንት ብር እንዳስቀመጠ ታይቶ ይሰላል፤ ቀመሩ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት የሺዎችን ሐቅ ታዛባለች፣ ማንም ሳያያት።

እዚህ ላይ ነው የቴክኖሎጂ ኃላፊው በሁለት ቋንቋ መካከል የሚቆመው። የሸሪዓ አማካሪዎቹ ኮድ አያነቡም፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ፊቅህ አልቀሩም። ስም ብቻ ቀይሮ «ወለድ» የሚለውን «ትርፍ» ብሎ የሚያልፍ ሰነፍ መፍትሔ ሁልጊዜ አለ፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው አዮፊ የተባለው ተቋም የሙራበሓን መስፈርት በዝርዝር አውጥቷል፤ መስፈርቱን ወደ ሲስተም መተርጎም ግን የእያንዳንዱ ባንክ ድካም ነው።

ይህን ድካም የሚችል ሰው ማግኘትና ማቆየት ሌላ ራስ ምታት ነው። ሁለቱንም ዕውቀት ያጣመረ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያለውንም ሌላ ባንክ ወይም ውጭ አገር ያለ ኩባንያ በተሻለ ደመወዝ ይወስደዋል። በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ሰው ይሆናል። ልጆቻቸውን በመድረሳም በትምህርት ቤትም የሚያስተምሩ ወላጆች ይህ ትልቅ የሥራ መስክ መሆኑን ማወቅ አለባቸው። ሐፊዝ የሆነ ፕሮግራም ጸሐፊ ብርቅ መሆን አልነበረበትም።

ባለአክሲዮኖችም ድርሻ አለን። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የምንጠይቀው ስለ ትርፍ ድርሻና ስለ አዳዲስ ቅርንጫፎች ነው። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ እነዚህን ጨምሩ፦ የቴክኖሎጂ ኃላፊው «ማሻሻያው ገና አልተፈተነም፣ ይዘግይ» ሲል ቦርዱ ይሰማዋል? ዋናው ሲስተም ቢወድቅ የሚተካው መጠባበቂያ በእውነት ተሞክሮ የሚያውቀው መቼ ነው? የሸሪዓ ቁጥጥሩስ የሚመረምረው የወረቀቱን ውል ብቻ ነው ወይስ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ዛሬ የተሸጠው ፓምፕ በየትኛው ሰዓት እንደተገዛም ያያል?