መመለሻ ያላቸው ቁጥሮች

የሒሳብ ነገር ሲነሣ፣ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትተን ዝም ማለትን እንመርጣለን። ዛሬ የምንመለከተው አሳብ ግን የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ሲሠሩበት የኖሩት ስለ ሆነ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

እንደሚታወቀው፣ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው ላይ 1 ሲነሣ የሚገኘው ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ እንዲሁ ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲጨመር 7516 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ስለዚህ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ11 ሲባዛ 110፣ ሦስት ጊዜ 30 ሲገደፍ 20 ይቀራል፤ አበቅቴው ይህ ነው።

እስቲ ነገሩን እንገልብጠው። አበቅቴው 20 መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ወንበሩን ሊያገኝ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። 20ን እንደገና በ11 ቢያባዛ 220 ይሆናል፤ ሰባት ጊዜ 30 ሲገደፍ 10 ይቀራል። ምክንያቱም 11 በራሱ ሲባዛ 121 ነው፤ ሠላሳው ሲገደፍ 1 ይተርፋል። በ11 ፈንታ በ10 ብናባዛ ኖሮ ግን የምናገኘው 0፣ 10 እና 20 ብቻ ነበር። 19ኙ ወንበሮች በሦስት ውጤቶች ላይ ይደራረቡ ነበርና፣ የቱ ከየት እንደ መጣ የሚለይ ባልተገኘም ነበር።

ልዩነቱ ከምን መጣ? 10 ከ30 ጋር የጋራ አካፋይ አለው፤ ብዜቱም ቀሪውም ሁልጊዜ ለ10 ስለሚካፈል 1 ሊተርፍ አይችልም። 11 ግን ከ30 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የለውም። ስለዚህ ከ0 እስከ 29 ያሉት ቁጥሮች በ11 ሲባዙ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀሪ አይሰጡም፤ ሠላሳውም ቦታ ይሞላል፤ 1ም ከእነዚያ አንዱ ነው።

በ30 ላይ እንዲህ መመለሻ ያላቸው ስምንት ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23 እና 29 ናቸው። 7ን 13 ይመልሰዋል፤ 17ን 23 ይመልሰዋል፤ የቀሩት አራቱ ራሳቸውን ይመልሳሉ። ሁለቱን ብናባዛ ውጤቱ ከስምንቱ አይወጣም፤ 11 በ19 ሲባዛ 209፣ ቀሪውም 29 ነው። ብዜቱ ከማኅበሩ የማይወጣ፣ 1ም በውስጡ ያለ፣ የእያንዳንዱም መመለሻ በዚያው የሚገኝ በመሆኑ የሒሳብ ሊቃውንት «ግሩፕ» ይሉታል።

አባቶቻችን 11ን የወሰዱት ለዚህ ብለው አይደለም፤ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሆኖ ከ365ቱ በ11 ስለሚያንስ ነው። መመለሱ ግን የቁጥሩ የራሱ ባሕርይ ነው። ይኸው ባሕርይ በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ላቀረቡት የምስጢር አጻጻፍ መሠረት ሆኗል፤ በእርሱም የሚቆልፈውና የሚከፍተው ቁጥር አንዱ የሌላው መመለሻ ነው።

እንግዲህ የአብነት ተማሪ የያዘውን ስሌት «ደረቅ የቃል ጥናት» ብለን ከማለፋችን በፊት እርሳስ ይዘን ልንመረምረው ይገባናል። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1 ነው፤ ወንበሩን አንባቢ ያውጣ።